ብረት 54 እና ብረት 31፦ የትኛው ባይፓስ ፊልትሮ ይሻላል ለሚለው ጥያቄ

የኮምቦልቻው ወንድማችን የጠየቀው ባጭሩ ይሄ ነው። ሁለት አይሱዙ ኤፍኤስአር አሉት፣ ሞተራቸው አንድ አይነት፣ ዘይታቸውም አንድ አይነት። ቀዩ ላይ በዘይት ግፊት እየተሽከረከረ ቆሻሻውን ግድግዳው ላይ የሚለጥፈውን ሴንትሪፉጅ ባይፓስ (ከዋናው የዘይት ፊልትሮ ጎን ሆኖ ዘይቱን በጥቂት በጥቂቱ የሚያጣራ ተጨማሪ ፊልትሮ) አስገጠመ፣ ነጩ ላይ ደግሞ ወፍራም የወረቀት ጥቅል ያለውን ባይፓስ አስገጠመ፣ ከዛ ከሁለቱም ዘይት ቀድቶ ላብራቶሪ አስመረመረ። ቀዩ ብረት 54 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ 54) መጣ፣ ነጩ 31። «የወረቀቱ ይሻላል ማለት ነው አይደል? ሴንትሪፉጁን ፈትቼ ልሽጠው ወይ?» ይላል።

ወንድሜ አብሽር፣ አትፍታው። የላክሃቸውን ሁለት የላብራቶሪ ውጤቶች ቁጭ ብዬ አይቻቸዋለሁ፣ እነሱ ላይ ያለው ነገር አንተ ካነበብከው ሌላ ነው፣ ስለ ፊልትሮው የሚናገሩት ትንሽ ነው፣ ስለ ቀዩ መኪናህ አየር መሳቢያ ግን በደንብ ይናገራሉ። ረዘም አርጌ ልጽፍልህ ነው ምክንያቱም ይሄ ስህተት ብዙ ሰው ጋ አያለሁ፣ ሰው ብሩን አውጥቶ ምርመራ ያሰራና አንዷን ቁጥር ብቻ ይዞ ይወስናል።

መጀመሪያ ኪሎ ሜትሩን እይ። ቀዩ ዘይቱ ላይ 9,000 ኪሎ ሜትር ሄዷል፣ ነጩ 6,500። ብረት በየኪሎ ሜትሩ የሚጠራቀም ነገር ነው፣ ካሚሻውና (ፒስተኑ የሚመላለስበት ቤት) ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) እየተፋጨ፣ ጥርሶቹ እየተበሉ ይጨምራል፣ ስለዚ ዘይቱ ውስጥ ብዙ የቆየው መኪና ብዙ ብረት ቢያሳይ ምንም አይገርምም። በ1,000 ኪሎ ሜትር ስታካፍለው ቀዩ 6 ይሆናል፣ ነጩ 4.8 አካባቢ። ልዩነቱ ቀነሰ አይደል፣ ገና ግን አልጨረስንም።

ቀጥሎ ዘይቱ ስንት ሊትር ነው፣ ስንትስ ተጨመረበት የሚለው ነው። ቀዩ 16 ሊትር ይይዛል፣ ሴንትሪፉጁ ውስጥ የሚቀረው ዘይት ለቁጥር አይገባም፣ በ9,000 ኪሎ ሜትር 1 ሊትር ጨመርክበት። ነጩ ግን ያ የወረቀት ፊልትሮው ትልቅ ቆርቆሮ ብቻውን 3 ሊትር ስለሚጨምር በጠቅላላ 19 ሊትር ሆኗል፣ መሀል ላይ ደግሞ ወረቀቱን ስትቀይር 3 ሊትሩን ከነቆሻሻው ደፋህና አዲስ ሞላህ፣ 1 ሊትር ደግሞ ለጉድለት ጨመርክ፣ በድምሩ 4 ሊትር አዲስ ዘይት ገባ። ፒፒኤም ማለት ከሚሊዮኑ ስንቱ ማለት ነው፣ ወጥ ውስጥ ውሃ ስትጨምር ጨው የሚቀንስ ይመስላል እንጂ ጨው ከድስቱ አልወጣም፣ ይሄም እንደዛ ነው።

እስቲ አብረን እናስላው፣ ግምት ነው ግን ለማነጻጸር ይበቃል። ቀዩ 54 ሲባዛ በ16፣ 864። የጎደለችው 1 ሊትር በአማካይ የመጨረሻውን ቁጥር ግማሽ ይዛ ሄደች እንበል፣ 27፣ ድምር 891። ለ9 ስታካፍለው 99። ነጩ 31 ሲባዛ በ19፣ 589። የወጣው 4 ሊትር በዛው ሂሳብ 62፣ ድምር 651። ለ6.5 ስታካፍለው 100። ዘጠና ዘጠኝና መቶ! ሁለቱ ሞተሮች በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ ያመረቱት ብረት አንድ ነው ማለት ይቻላል። አንተ የፊልትሮ ልዩነት ብለህ ያየኸው የኪሎ ሜትርና የአዲስ ዘይት ልዩነት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የቀዩን ሲሊኮን አየኸው? 28። አሉሚኒየም 12። የነጩ ሲሊኮን 9፣ አሉሚኒየም 4። ሲሊኮን በዘይት ምርመራ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አፈር ነው፣ አቧራ። እርግጥ ነው ከሌላም ይመጣል፣ አዲስ ዘይት ራሱ አረፋ እንዳያወጣ የሚጨመርበት መድሃኒት ውስጥ ትንሽ ሲሊኮን አለ፣ ሞተር ተፈቶ ጓርኒሲዮን ላይ የሚቀባው ሲሊኮን ማጣበቂያም ለተወሰነ ጊዜ ቁጥሩን ይሰቅለዋል። ግን ማጣበቂያ ቢሆን አሉሚኒየሙን አብሮ አያነሳውም። አፈር ውስጥ ሁለቱም አሉ፣ አፈር የጠጣ ሞተር ደግሞ ፒስተኑም ስለሚፋቅ አሉሚኒየም በዛም በኩል ይመጣል። ሁለቱ ተያይዘው ሲወጡ እኔ ፊልትሮ አይደለም የማስበው፣ ቀጥታ የአየር መሳቢያውን ነው የምከፍተው። ቀዩ ደግሞ ባቲን ወርዶ በሚሌ አድርጎ ጅቡቲ የሚመላለሰው ነው ብለሃል፣ የአፋሩን አቧራ ለሚያውቅ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ባለፈው አመት በጋ ላይ አንድ ልጅ ተመሳሳይ ወረቀት ይዞ እዚህ ደሴ መጣ፣ ሲሊኮኑ ከዚህም የባሰ ነበር፣ የአየር ፊልትሮውን ቀይሬዋለሁ አዲስ ነው ይላል፣ እውነቱን ነው፣ ከፍተን አየነው አዲስ ነው። ከዛ ከፊልትሮው ቤት ወደ ሞተር የሚገባውን ጎማ ቱቦ ፈታሁና ነጭ ጨርቅ ጣቴ ላይ ጠምጥሜ ውስጡን ጠረግኩት። ከፊልትሮ በኋላ ያለው ቱቦ ውስጡ ንጹህ መሆን ነበረበት። ጨርቁ ቡናማ ሆኖ ወጣ፣ ጣቴን ሳሽ አሸዋው ይሰማኛል። ቱቦውን ገልብጬ ሳየው ከታች በኩል፣ ከላይ ቆመህ የማታየው ቦታ ላይ፣ ፋሸታው (የቱቦው ማሰሪያ) ጎማውን በልቶት የፀጉር ያህል ስንጥቅ አለ፣ በእጅ ስታጥፈው ይከፈታል ስትለቀው ይገጥማል። ያ ሞተር ባለው ሀይል ሁሉ በዛች ስንጥቅ አፈር ሲስብ ነበር። የፈለገው አይነት ባይፓስ ቢገጠም ይሄን አያድንም፣ ምክንያቱም አፈሩ ዘይቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ፋሻና ካሚሻው መሀል ገብቶ ስራውን ሰርቶ ነው የሚወርደው።

እና ወንድሜ ነገ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ያችን የጨርቅ ስራ ቀዩ ላይ ስራት።

ደግሞ አንድ ነገር አስተውል፣ በዛው ሂሳብ ቀዩ በ1,000 ኪሎ ሜትር ከነጩ እጥፍ የሚጠጋ ሲሊኮን እየዋጠ ብረቱ ከነጩ ጋር እኩል ነው። ይሄ ሴንትሪፉጁ ጎበዝ ነው ለማለት አይበቃም፣ መንገዳቸውም የተለያየ ነው፣ ግን «ሴንትሪፉጁ አይሰራም» ለሚለው ምንም ማስረጃ የለህም፣ እንዲያውም ወደዛኛው ያጋድላል።

አሁን ሰው ብዙ የማያውቀው ነገር። ላብራቶሪ ብረት፣ እርሳስ፣ መዳብ እያለ ፒፒኤም የሚሰጥህ ማሽን ዘይቱን አቃጥሎ ብርሃኑን ነው የሚያነበው፣ እና ከ5 እስከ 8 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) በላይ የሆነ ቁራጭ በደንብ አያይም፣ ትልቁ ቁራጭ ሳይቃጠል ያልፋል። ዋናው የዘይት ፊልትሮህ በተለምዶ ከ20 እስከ 40 ማይክሮን ያለውን ነው የሚይዘው፣ ባይፓሱ ደግሞ ከዘይቱ ፍሰት 10 ፐርሰንት የማይሞላውን ቀስ አርጎ እያሳለፈ እስከ 2 እና 5 ማይክሮን ያለውን ይለቅማል። ማሽኑ ላይ የሚወጣው ቁጥር አብዛኛው እጅግ የደቀቀው ብረት ነው፣ እሱን ደግሞ ጥሩ የሚባለው ባይፓስም ብዙውን ያሳልፈዋል። ስለዚ በፒፒኤም ብቻ ሁለት ፊልትሮ ማወዳደር ወንፊትን በሚያልፈው ዱቄት እንደመመዘን ነው፣ የቀረውን እንክርዳድ አላየኸውም።

ይሄን የተማርኩት ተጎድቼ ነው። አንድ መኪና ላይ እርሳሱም መዳቡም ዝቅ ያለ ንጹህ ወረቀት መጣልኝና ባለቤቱን ሞተርህ ጤነኛ ነው ብዬ ሰደድኩት፣ ሶስት ሳምንት ሳይሞላ ብሮንዚን (የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበት ሽፋን) በልቶ ተጎትቶ ተመለሰ። ዋናውን የዘይት ፊልትሮ በብረት መጋዝ ዙሪያውን ቆርጬ ወረቀቱን አኮርዲዮን አድርጌ ፀሀይ ላይ ስዘረጋው እጥፋቱ ውስጥ ቀጫጭን የሚያበራ ቅርፊት ሞልቷል፣ እንደ አሳ ቅርፊት። ማሽኑ ሊያየው የማይችል ትልቅ ነበር። ከዛ ወዲህ ወረቀት ብቻ አይቼ አልፈርድም፣ ፊልትሮውን ቆርጬ ነው የማየው፣ አንተም የምትጥለውን ፊልትሮ ቆርጠህ እይ፣ ላብራቶሪውንም ማግኔት የሚስበውን ትልቅ ብረት የሚለካውን ምርመራ ካላቸው ጠይቃቸው፣ ፒኪው ይሉታል።

ለፊልትሮ ውድድር ትክክለኛው ቁጥር የቅንጣት ቆጠራ ነው፣ አይኤስኦ 4406 በሚባለው ሶስት ቁጥር ይጻፋል፣ ለምሳሌ 20/18/15፣ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ ከ4፣ ከ6 እና ከ14 ማይክሮን በላይ የሆነው ስንት ነው ማለት ነው። ቁጥሩ በአንድ ሲጨምር ቆሻሻው እጥፍ ይሆናል፣ ስለዚ 20 እና 18 የተቀራረቡ ይመስላሉ እንጂ አንዱ የሌላው አራት እጥፍ ነው። ተጠንቀቅ ግን፣ የናፍጣ ሞተር ዘይት በጥቀርሻ ጥቁር ስለሆነ በብርሃን የሚቆጥረው ማሽን ይሳሳታል፣ በወንፊት መዘጋት የሚቆጥረውን ዘዴ ካላቸው እሱን ጠይቅ። ከፊልትሮው በፊትና በኋላ በአንድ ሰአት ሁለት ናሙና ብትቀዳ ደግሞ ፊልትሮው በአንድ ማለፍ ስንት እንደሚይዝ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ለባይፓስ ንጽጽር ከዚህ የተሻለ ነገር እኔ አላየሁም።

ጥቀርሻው። ቀዩ 0.6 ፐርሰንት፣ ነጩ 1.1። እዚህም «ሴንትሪፉጁ አሸነፈ» እንዳትል፣ ነጩ ደሴ ወልዲያ የሚመላለሰው ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር በማትሞላ መንገድ ወደ 600 ሜትር ገደማ ሽቅብ ነው፣ የሐረጎን ዳገት ሲሚንቶ ጭነህ በሁለተኛና በሶስተኛ ማርሽ ስትወጣ ከኋላ ያለው መኪና በጭስህ መስታወቱን ይዘጋል፣ ያ ጭስ ሁሉ በማርሚታ አይወጣም፣ የተወሰነው በፋሻ በኩል ወርዶ ዘይት ውስጥ ይገባል። ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ደግሞ ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም። ቀዩ ሚሌን ካለፈ በኋላ ብዙውን ሜዳ ነው የሚነዳው። ጥቀርሻ አንድ ቅንጣቱ ከማይክሮን በታች ነው፣ ፊልትሮ የሚይዘው እርስ በርሱ ተጣብቆ ሲያብጥ ነው፣ ሴንትሪፉጅ ግን በክብደት ስለሚለየው ጥቀርሻ ላይ ጥሩ ስም አለው። ስም ያልኩት ለአንተ መኪና ማስረጃ ስላልሆነ ነው። 2 ፐርሰንት ሲጠጋ ዘይት መቀየር አስብ፣ ቪስኮሲቲው (የዘይቱ ውፍረት) 14.1 እና 14.6 ነው፣ ለ40 ቁጥር ዘይት ከ12.5 እስከ 16.3 መሆን ስላለበት ሁለቱም ደህና ናቸው።

ቲቢኤን የሚለውን ደግሞ ነጩ 7.4 ቀዩ 5.9 ብለህ ለወረቀቱ ነጥብ ሰጥተኸው ነበር። ቲቢኤን ማለት ዘይቱ አሲድን የሚገልበት መድሃኒት ስንት ቀረው ማለት ነው። ፊልትሮ ይሄን አይመልስም፣ የትኛውም ፊልትሮ አይመልስም፣ የሚመልሰው አዲስ የጨመርከው 4 ሊትር ዘይት ነው። ኪሎ ሜትሩንም አትርሳ። የወረቀት ፊልትሮ ሻጮች «ፊልትሮውን ብቻ ቀይር ዘይት አትቀይር» ሲሉህ በጎን ዘይት እየቀየርክ ነው ማለት ነው፣ በየፊልትሮው 3 ሊትር። መጥፎ ነገር አይደለም፣ ግን ሂሳብ ውስጥ አስገባው።

ባይፓስ ዋጋ የለውም እያልኩ እንዳይመስልህ። በፈረንጆቹ 1988 የጄኔራል ሞተርስ መሐንዲሶች ባወጡት ስራ ከ40 ማይክሮን ፊልትሮ ጋር ሲነጻጸር በ30 ማይክሮን የሞተር መበላት በግማሽ፣ በ15 ማይክሮን ደግሞ በ70 ፐርሰንት ቀንሷል፣ ሰው እንደ ጥቅስ ይደጋግመዋል፣ ግን ሙከራው ላይ ሆን ብለው ዘይቱ ውስጥ አቧራ ጨምረው ነው ያፈጠኑት፣ አየር መሳቢያው ጤነኛ የሆነ ሞተር ያንን ያህል ልዩነት አያሳይም። አሜሪካ የአይዳሆ ብሔራዊ ላቦራቶሪም ከ2002 ጀምሮ የራሱ አውቶቡሶች ላይ ባይፓስ ገጥሞ ለአመታት ተከታትሏል፣ የዘይት ለውጡ በብዛት ቀንሶላቸዋል፣ ግን እነሱ ዘይቱን ያራዘሙት በየጊዜው ናሙና እያስመረመሩ ነው።

ከልብህ ማወዳደር ከፈለግክ በሁለት መኪና አይሆንም፣ በአንድ መኪና ነው የሚሆነው። ቀዩን ውሰድ፣ መጀመሪያ የአየሩን ቀዳዳ ድፈን፣ ዘይት ቀይር፣ ኮፓው (ከሞተሩ ስር ያለው የዘይት ገንዳ) ውስጥ የቀረው አሮጌ ዘይት አዲሱን ስለሚያበላሽ የመጀመሪያውን ዙር ለማጠቢያ ቁጠረው። ከዛ አንድ ዙር ባይፓሱን ዘግተህ፣ አንድ ዙር በሴንትሪፉጅ፣ አንድ ዙር በወረቀት ንዳው፣ በየዙሩ 3,000፣ 6,000 እና 9,000 ላይ ናሙና። ሶስት ነጥብ ሲኖርህ መስመሩ ይታያል፣ አንድ ነጥብ ግን የትም አያደርስም። መንገዱ አንድ ይሁን፣ ከቻልክ ወቅቱም፣ የሚያዝያ አቧራና የነሐሴ ጭቃ አንድ አይነት ሲሊኮን አይሰጡህም። የተጨመረውን ዘይት ሾፌሩ ደብተር ላይ ሊትሩን ከነኪሎ ሜትሩ ይጻፍ። ካልተከፈተ በርሜልም አንድ ናሙና ላክ፣ አንተ አልላክህም፣ አዲሱ ዘይት ሲሊኮኑና ቲቢኤኑ ስንት እንደነበር ሳናውቅ ስንት ጨመረ ስንት ቀነሰ ማለት አንችልም፣ ዘይቱም በርሜሉ ላይ የተጻፈው መሆኑን በዛው ታረጋግጣለህ።

አቀዳዱም ወሳኝ ነው። ከኮፓው ቡሎን ፈተህ መጀመሪያ የሚወርደውን እንዳትቀዳ፣ ከታች የተኛው ዝቃጭ ነው። መኪናው ሰርቶ እንደገባ ዘይቱ ትኩስ እያለ በሊቤሎው (የዘይት መለኪያው ዘንግ) ቀዳዳ አዲስ ቀጭን ቱቦ አስገብተህ በእጅ ፓምፕ ሳበው፣ ቱቦው ታች እንዳይነካ በሊቤሎው ልክ ለክተህ ቁረጠው። በሌላ መኪና የተጠቀምክበትን ቱቦ አትድገም። የመድሃኒት ብልቃጥ አጥቤያለሁ ብለህም አትላክ፣ ላብራቶሪው የሚሰጥህን ጠርሙስ ተጠቀም።

ሴንትሪፉጁን በራስህ ጆሮ መፈተን ትችላለህ። ሞተሩ ሞቆ ትንሽ ጋዝ ሰጥተህ አቆይና አጥፋው፣ ቶሎ ብለህ ጆሮህን አስጠጋ፣ ጤነኛ ከሆነ ሞተሩ ከቆመ በኋላም ለተወሰነ ሰከንድ ዝዝዝ እያለ ሲዞር ይሰማሃል፣ ቀስ እያለ ይሞታል። ዝም ካለ አይሽከረከርም፣ ወይ ግፊት አይደርሰውም ወይ ዘይቱ ወደ ኮፓ የሚመለስበት ቱቦ ጠቦ ወይ ታጥፎ ቤቱ ዘይት ሞልቶበታል፣ መመለሻው በራሱ ክብደት ስለሚወርድ ሰፊና ቁልቁል መሆን አለበት። ስትከፍተው ግድግዳው ላይ ጥቁር ጠንካራ እንደ ጎማ ያለ ኬክ ተለጥፎ ታገኛለህ፣ በእንጨት ፍቀህ አውጣው፣ ሚዛን ላይ አስቀምጠህ ግራሙን ከኪሎ ሜትሩ ጋር ጻፈው። የወረቀቱ ላይ ደግሞ መግቢያው ላይ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ መኖሯን አረጋግጥ፣ 1.5 ሚሊ አካባቢ ናት፣ አንዳንድ ገጣሚ «ዘይት ቶሎ ያልፋል» ብሎ ያሰፋታል፣ እሷ ስትሰፋ የሞተሩ የዘይት ግፊት በዛ ይሄዳል፣ ቱቦው ቢበጠስ ደግሞ ዘይቱ በደቂቃ መሬት ላይ ነው።

የነጩ መዳብ 22 መሆኑ አስፈርቶህ ነበር፣ እርሳሱ 4 ላይ ስለተቀመጠ ብሮንዚን አይመስለኝም፣ ብዙ ጊዜ ከዘይት ማቀዝቀዣው ነው የሚመጣው፣ ሶዲየምና ፖታሲየም ከፍ ካሉ ግን የራዲያተር ውሃ እየገባ ነውና ያን ጊዜ ቶሎ በለኝ።

ለጊዜው ሁለቱንም ባሉበት ተዋቸው፣ የዘይት መቀየሪያ ኪሎ ሜትርህንም አታርዝም። ወደፊት አንዱን ምረጥ ካልከኝ ለኛ አካባቢ ወደ ሴንትሪፉጁ ነኝ፣ ከውጭ የሚመጣ ወረቀት አይፈልግም፣ በናፍጣ አጥበህ ትመልሰዋለህ፣ የወረቀቱ መለዋወጫ ግን ጠፍቶ ባለመኪናው ሞልቶ የተደፈነ ፊልትሮ ይዞ ሲዞር አይቻለሁ፣ የተደፈነ ባይፓስ ደግሞ ከሌለ እኩል ነው። የቀዩን ቱቦ ስትጠርግ ጨርቁን ፎቶ አንሳና ላክልኝ፣ ቱቦው ንጹህ ከሆነ የአየር ፊልትሮው ቤት ክዳን ላስቲክ ነው የምንሄደው፣ ክዳኑ የሚያርፍበት ጠርዝ ላይ ቀጭን የአቧራ መስመር ካለ በዛ ነው የሚገባው።